ኮርኒስ ላይ ስንት ሳንቲም ይበቃል? የወሎ ቤትና የብርድ መከላከያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ የደሴ ብርድ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቤት ውስጥ ይቆነጥጣል። ያኔ ጠያቂ ይበዛብኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ነው። ብሎኬት አስገንብቶ፣ ቆርቆሮ አስመትቶ፣ ሊሾ አስደርጎ ገብቷል። ቤቱ ያምራል፤ ግን ከአባቱ ጭቃ ቤት የባሰ ይበርዳል። መጀመሪያ "ምን ላድርግ?" ይላል። ሙቀት መከላከያ፣ ማለትም ኢንሱሌሽን፣ የሚባል ነገር እንዳለ ሲሰማ ደግሞ "ስንት ሳንቲም ይሁን?" ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ሳንቲም ስል ሳንቲሜትር ማለቴ ነው፤ የብሩን ነገር ኋላ እናነሳዋለን።

ኢንሱሌሽን ቤቱን ያሞቀዋል?

አያሞቀውም። ጋቢ ሰው ያሞቃል እንላለን እንጂ ጋቢው እሳት የለውም። የገላችሁ ሙቀት እንዳይሸሽ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ያ ብቻ ነው ሥራው። የሚይዘው ደግሞ ጥጡ ራሱ ሳይሆን በጥጡ መካከል የታሰረው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት ለማሳለፍ በጣም ሰነፍ ነው። ፎምም፣ የመስታወት ሱፍም (እንደ ጥጥ የተነደፈ የመስታወት ክር ነው)፣ የበግ ጸጉርም፣ ጭድም የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ አየር አስረው ይይዛሉ። ስለዚህ ጋቢውን የምታለብሱት ቤት ውስጡ ትንሽም ቢሆን የሙቀት ምንጭ ሊኖረው ይገባል። ሰው፣ ምድጃ፣ ቀን በመስኮት የገባ ፀሐይ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ቁጭ ያለ ሰው ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። አምስት ሰው ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣበት ክፍል እንግዲህ 500 ዋት ምድጃ በርቶለታል ማለት ነው።

ከጣራ ልጀምር ወይስ ከግድግዳ?

ከጣራ። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ ቆርቆሮ ነው። ብረት ሙቀት ሲያሳልፍ አያመነታም። በዚያ ላይ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየረጨ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ቆርቆሮ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ክፍል አለ እንበል። ጣራው 20 ካሬ ነው። ውስጡ 18 ዲግሪ፣ ውጭው 6 ዲግሪ ይሁን። ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ በጣራው ብቻ ወደ 1,680 ዋት ሙቀት ያመልጣል። አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሙሉ ኃይሉን እየሠራ ለሰማይ ይገብራል ማለት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ስንት ሳንቲም?

ያንኑ ክፍል እንውሰድ። 5 ሳንቲም ፎም ወይም የመስታወት ሱፍ በደንብ ብናለብሰው የሚያመልጠው ከ1,680 ዋት ወደ 173 ዋት ገደማ ይወርዳል። ውፍረቱን ወደ 10 ሳንቲም ብናሳድገው 91 ዋት ይሆናል። 15 ብናደርገው 62።

ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው 5 ሳንቲም ብቻውን 1,500 ዋት አተረፈላችሁ። ሁለተኛው 5 ሳንቲም 82። ሦስተኛው 29። የከፈላችሁት ግን ለሦስቱም እኩል ነው። ጉዳዩ እንደ ጋቢ ነው፤ የመጀመሪያው ጋቢ ነፍስ ያድናል፣ ሁለተኛው ይመቻል፣ አራተኛው ይከብዳል። (እውነተኛ ጣራ ሥር አንድ ስስ ኮርኒስ ካለ መነሻው ከ1,680 ያነሰ ይሆናል፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም።)

"ትክክለኛ መጠን" ማለት እንግዲህ ተጨማሪው ውፍረት የሚያተርፈው ከሚያስወጣው ማነስ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። ወሎ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል የሚጠጋ ልዩነት ስላለ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጃኬት የሚወልቀው በዚህ ነው።

የኔ ምክር እንዲህ ነው። ደሴ፣ ኩታበር፣ ላሊበላ ላይ ኮርኒሱ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲም። ማሞቂያ የማትጠቀሙ ከሆነ ወደ 5፣ ማታ ማታ የምታሞቁ ከሆነ ወደ 10 አዘንብሉ። ጉጉፍቱ፣ ደላንታ፣ መቄት፣ ውርጭ በሚመታው ከፍታ ላይ ከሆናችሁ 10 አትፍሩ፤ ገንዘብ ከተረፈ ግድግዳም አስቡ። ሐይቅና ወልድያ 5 በቂ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ቆቦ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ጠላት ብርዱ ሳይሆን ፀሐዩ ነው፤ ከታች ለብቻው አነሳዋለሁ።

ኢንተርኔት ላይ እንግሊዞች 27 ሳንቲም ያደርጋሉ ይላል። እኛ ለምን 5?

እውነት ነው፤ እንግሊዝ አገር ለጣራ ሥር የሚመከረው የማዕድን ሱፍ (የመስታወት ሱፍና መሰሎቹ) ውፍረት 27 ሳንቲም ነው። ነገር ግን እነሱ ወራት ሙሉ ቤታቸውን ቀንም ማታም በጋዝ ያሞቃሉ። ለእነሱ ያቺ ከ62 ዋት ላይ የምትቀነስ ትንሽ ዋት በወራት ስትባዛ ገንዘብ ናት። እኛ ጋ ብርዱ የሌሊት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሰው በረንዳ ላይ ይሞቃል። የእነሱን ካታሎግ ይዞ የደሴን ቤት መሥራት ለኮምቦልቻ ሰው በርኖስ እንደማልበስ ነው።

ፓኬቱ ላይ አር የሚል ቁጥር አለ። ምንድን ነው?

አር ቫልዩ ይባላል፤ ሙቀትን የመከላከል አቅም ነው። ሲበዛ ጥሩ። የሚያሳስተው አንድ ነገር ብቻ አለ። የአሜሪካ ዕቃ በራሱ መለኪያ ስለሚጽፍ ቁጥሩ ይገዝፋል። አር 13 የሚለውን ስታዩ ለ5.7 አካፍሉት፤ በሜትር መለኪያ 2.3 ገደማ ይሆናል። 10 ሳንቲም የመስታወት ሱፍ 2.5 አካባቢ ነው። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ መለኪያቸው አንድ መሆኑን ሳታዩ ዋጋ አትከራከሩ።

የአያቴ ሳር ቤት ለምን ይሞቅ ነበር?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። 25 ሳንቲም የሚሆን በደንብ የተከደነ ሳር ከ10 ሳንቲም የመስታወት ሱፍ ይበልጣል። ይበልጣል እንጂ አይተካከልም። አር ቁጥሩ 3.5 ገደማ ይደርሳል። አያቶቻችን ካታሎግ ሳያዩ ደህና አድርገው ለብሰው ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ሳሩን አውርደን ጣልነው። ዝናብ አያስገባም፣ እሳት አይፈራም፣ በየዓመቱ ክደና የለም፤ እውነት ነው፣ ተገላገልን። ግን ጋቢውን አውልቀን ጃንጥላ ያዝን። በምትኩ ኮርኒሱ ላይ ምንም አላደረግንም። ሳር ቤቱ በዚያ ላይ መስኮቱ ትንሽ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ሰውም ከብትም አብሮ የሚያድርበት ነበር። ላሊበላ ላይ ባለ ፎቁን ክብ የድንጋይ ቤት ያየ ሰው ይህ ይገባዋል።

ግድግዳዬ ግማሽ ሜትር ድንጋይ ነው። ያ አይበቃም?

ድንጋይ ወፍራም ስለሆነ ሙቀት የሚከላከል ይመስላል። 50 ሳንቲም ጥቁር ድንጋይ ግን ሙቀት በመከላከል ረገድ ከ1 ሳንቲም ትንሽ ከፍ ያለ ፎም ነው የሚያክለው። 25 ሳንቲም ጭቃ ደግሞ ወደ 1.7 ሳንቲም ፎም ነው። አትሳሳቱ፣ ድንጋይና ጭቃ ሌላ ጥቅም አላቸው። ቀን የጠጡትን ሙቀት ቀስ እያሉ ማታ ይመልሳሉ፤ የቀኑንና የሌሊቱን ልዩነት ያለሰልሳሉ። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቀትርም ሆነ ሌሊት ብዙ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ የሚሰማችሁ ከዚሁ የተነሳ ነው። ነገር ግን ማከማቸትና መከላከል ሁለት ነገር ናቸው።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ሰዎች ግድግዳውን አትንኩት። ስንጥቁን በጭድ ጭቃ ድፈኑ፣ መርጉት፣ በቃ። ብሎኬት ቤት ያላችሁ ደግሞ ጣራውን ከጨረሳችሁ በኋላ ነፋስ የሚመታውን አንድ ግድግዳ ብቻ በ3 ወይም 5 ሳንቲም ፎም ከውስጥ ብታለብሱትና በጂፕሰም ብትሸፍኑት ለውጡ ይታያችኋል።

የትኛውን ዕቃ ልግዛ?

የሚገኘውንና ጣራችሁ የሚሸከመውን። በሳንቲም ለሳንቲም ፎም፣ የመስታወት ሱፍና የበግ ጸጉር ተቀራራቢ ናቸው። ጭድ ትንሽ ይከተላል። ሰጋቱራ ከሁሉም በታች ነው፤ ወደ ሁለት እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል።

ሰው የሚረሳው ክብደቱን ነው። ያችኑ 20 ካሬ ክፍል በ10 ሳንቲም ነጭ ፎም ብትሸፍኗት 30 ኪሎ ገደማ ነው። በሰጋቱራ ብትሸፍኗት አራት ኩንታል ይጠጋል። የአቡጀዴ ኮርኒስ ላይ አራት ኩንታል ስትጭኑ ሌሊት ምን እንደሚወርድባችሁ መናገር አያሻም። ፒቪሲም ያንን አይችልም። ሰጋቱራ የምታስቡ ከሆነ ኮርኒሱ ጣውላ፣ ሞራሌውም ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ምስጥና እሳት ስላለም ኖራ ቀላቅሉበት።

ነጭ ፎም ርካሽና ቀላል ነው፤ እሳት ግን ቶሎ ይይዘዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቀጥታ አይንካው። ፎምና የሽቦው ፕላስቲክ ሲነካኩ ፕላስቲኩ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሽቦውን በቱቦ አሳልፉት። የማዕድ ቤት ጣራ ላይ ደግሞ ፎም ጭራሽ አታድርጉ።

የመስታወት ሱፍ አይቀጣጠልም። ያሳክካል፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳታደርጉ አትንኩት። እና እባካችሁ አትጫኑት! 10 ሳንቲሙን ረግጣችሁ 5 ካደረጋችሁት የገዛችሁትን አየር አስወጥታችሁታል።

የበግ ጸጉር የኛው የደጋው ሀብት ነው። ዝተትና ባና የሚሠራበት እሱው፣ ብርድ የሚያውቀው ነው። እሳት ሲነካው ቶሎ አይነድም፣ እርጥበት ጠጥቶም መልሶ ይለቃል። በሞቀ ውኃና ሳሙና ስቡ እስኪለቅ መታጠብ፣ በፀሐይ መድረቅ፣ መፍታታት አለበት። ብል እንዳይበላው ቦራክስ ይነስነስበታል። 20 ካሬ በ10 ሳንቲም ለመሸፈን ወደ 40 ኪሎ የታጠበ ጸጉር ይፈልጋል። ብዙ ነው። ለአንድ መኝታ ክፍል ግን ይሞከራል። ለቴሌቪዥንና ፍሪጅ ማሸጊያ የመጣውን ፎም የሚሰበስቡም አውቃለሁ፤ ያስኬዳል፣ ክፍተቱን እስከደፈናችሁ ድረስ።

ክፍተቱ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ቅድም ያየነው ጣራ 10 ሳንቲም ለብሶ ከመቶ 5 እጁ ብቻ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ቢቀር፣ አጠቃላይ ውጤቱ ልክ 5 ሳንቲም እንደለበሰ ይሆናል። ግማሽ ገንዘባችሁ በዚያች ቀዳዳ ወጣ። ስለዚህ 10 ሳንቲም አንድ ወፍራም ሰሌዳ ከማድረግ ሁለት ባለ 5 ሳንቲም ሰሌዳ መገጣጠሚያቸው እንዳይገናኝ አድርጎ መደራረብ ይሻላል። ግድግዳው ጫፍ ላይ፣ የቆርቆሮው ሞገድ ሥር ያለው ክፍተት ደግሞ የታወቀ የነፋስ በር ነው። የክፍሉ አየር በዚያ እንዳይሸሽ ኮርኒሱ ከግድግዳው የሚገናኝበትን ዙሪያ በጂፕሰም ወይም በጭቃ ድፈኑት።

ቆርቆሮው ከሥሩ ያንጠባጥባል። ቀዳዳ ግን የለውም።

ይህ የኔም ጉድ ነው። የራሴን ቤት ሳሠራ ባለሙያው ፎሙን ከቆርቆሮው ጋር ልጥፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ክረምቱ አልፎ ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ምልክት መውጣት ጀመረ። ዝናብ የለም። ሚስማር አጥብቀን፣ ማስቲሽ ቀብተን ለፋን። ለካ ውኃው የኛው ነው። የጀበናው እንፋሎት፣ የድስቱ፣ የትንፋሻችን እርጥበት በፎሙ መገጣጠሚያ አልፎ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ውኃ ይሆናል። ሁሉንም አስወርጄ ድጋሚ አሠራሁ። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

መከላከያው ኮርኒሱ ላይ ይተኛ እንጂ ቆርቆሮው ላይ አይለጠፍ። በመከላከያውና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲም ክፍት ቦታ ይኑር፤ ያ ቦታ ደግሞ ከሁለት ወገን ነፋስ ያግኝ። ነፋስ የሚያስገባው ቀዳዳ ወንፊቱ ጥብቅ ይሁን፤ አለዚያ አይጥ ሞቅ ያለ ቤት አገኘሁ ብላ ትወልድበታለች። የራሰ መከላከያ መከላከያ አይደለም፤ በአየር ፈንታ ውኃ ይዟል።

ኮምቦልቻ፣ ባቲና ቆቦ ያለን ሰዎችስ? እኛን የሚያቃጥለን ሙቀቱ ነው።

እናንተ ጋ መጀመሪያ ቀለም ነው። ያረጀና የዛገ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ዳቦ ይሆናል። ነጭ ቀለም የፀሐዩን አብዛኛውን ጨረር ወደ መጣበት ይመልሳል፤ ወጪውም ቀላል ነው። ቀጥሎ ከ3 እስከ 5 ሳንቲም ፎም ኮርኒሱ ላይ ይበቃል። የሚያብረቀርቅ ፎይል ከተጠቀማችሁ አንድ ሕግ አለው፤ ፊቱ ክፍት አየር ይፈልጋል። ከሁለት ወገን ከተጣበቀ ተራ ወረቀት ነው። የሚያብረቀርቀው ወደ ታች፣ ወደ ክፍቱ ቦታ ቢዞር አቧራም አያድርበትም።

ቤቱን ካሸግሁ በኋላ ከሰል ማንደድ እችላለሁ?

ይህን ሳታነቡ አትለፉ። አይቻልም። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ድሮ ቤቱ በየስንጥቁ ይተነፍስ ስለነበር ሰው ራሱን እያመመው ይተርፍ ነበር። አሁን እናንተ ስንጥቁን ሁሉ ደፍናችሁታል። ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል ማለት መርዙ አልቋል ማለት አይደለም። ማንደጃው ቡና አፍልቶ ከወጣ፣ መስኮትም ከተከፈተ መልካም። ከሰል ባለበት ክፍል በር ዘግቶ መተኛት ግን በብርድ ምክንያት ቤተሰብ ማጣት ነው። መኝታ ክፍል ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል መተንፈሻ ሁልጊዜ ተዉ።

ተከራይ ነኝ። ጣራ ላይ ገንዘብ አላፈስም።

ትክክል ነህ/ነሽ። አብሽሩ፣ የሚሠራ ነገር አለ። የላሜራው በር ሥር ያለችውን ክፍተት በጨርቅ ጥቅል ዝጉ። አንድ ገጽ መስታወት ያለው መስኮት ከግድግዳ የባሰ ሙቀት ያስወጣል፤ ፀሐይ እንደገባች ወለል የሚነካ ወፍራም መጋረጃ ጋርዱበት። ሊሾው ላይ ካርቶን፣ ከላዩ ምንጣፍ። አልጋውን ከውጭ ግድግዳው አንድ ክንድ አርቁት። አከራዩ ፈቃደኛ ከሆነ ስትለቁ የሚነሳ ፎም ኮርኒሱ ላይ ደርድሩ፤ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ወጪውን ይመልሳል?

የምታሞቁ ከሆነ ይመልሳል። 1,500 ዋት ማሞቂያ በየምሽቱ 4 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በወር 180። የመብራት ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ያች 180 ከምጣዱና ከመብራቱ ላይ ስትደመር ወደ ውዱ እርከን ትወስዳችኋለች። ጣራው ከለበሰ በኋላ ያው ክፍል በአንድ ሦስተኛው ሊበቃው ይችላል። የራሳችሁን ቢል አውጡ፤ ከኅዳሩ ላይ የግንቦቱን ቀንሱ። ልዩነቱ ማሞቂያው ነው። የፎሙን ዋጋ ለዚያ ልዩነት ሁለት ሦስተኛ አካፍሉት፤ ስንት ብርዳም ወር እንደሚፈጅ ታዩታላችሁ።

የማታሞቁ ከሆነ በብር አታስሉት። የሚመለሰው በእንቅልፍ ነው። በክረምትም በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የምትነጋገሩት ይሰማል፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ከሙቀቱ እኩል ወድጄዋለሁ።

መቼ ላሠራው?

መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያቆም። ከመሸፈናችሁ በፊት ቀትር ላይ ኮርኒሱ ውስጥ ግቡ፤ መብራት አጥፉና ቀና በሉ። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነጥብ ካያችሁ የሚስማር ቀዳዳ ነው። በጠመኔ አክብቡት፣ አስደፍኑት፣ ከዚያ ፎሙን አስጭኑ።